የሠላሳ ቀኑ «ንጹሕ ምግብ» እና የባሕር ዳር ገበታ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 38 ነው፤ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ክብደቴ 78 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ከዚያ ውጭ ሆዴ ይነፋኛል፣ ከሰዓት በኋላ ድካም ይጥለኛል፤ አንዴ ጨጓራ ነው ተብዬ ኦሜፕራዞል ተሰጥቶኛል። ሰውነት ያጠራል ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረውን የ30 ቀን አመጋገብ ጀመርኩ፦ እህል የለም፣ ጥራጥሬ የለም፣ ወተት የለም፣ ስኳርና አልኮል የለም፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ። ጨውንም በሮዝ ጨው ቀየርኩ። ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። 3 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ ግን ራሴን ያመኛል፣ ስነሳ ያዞረኛል፣ ሆዴም ደርቋል። ልቀጥል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ጾም ይገባል። ስኳር ያለባት እናቴም አብራኝ ልትጀምር ፈልጋለች፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች።»

ምላሽ፦ አይቀጥሉ። ዛሬ ማታ ወደ እንጀራዎ ይመለሱ፤ ስኳሩንና አልኮሉን እንደተዉ ይቆዩ። እናትዎ ጨርሶ አይጀምሩ፤ የእሳቸውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ለብቻው አነሣዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ማዞሩ። እህልና ስኳር በድንገት ሲቀሩ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፤ ኢንሱሊን ዝቅ ሲል ኩላሊት ጨውና ውኃ ከወትሮው አብልጦ ያስወጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሥራው ይኸው ነው፤ ኢናላፕሪል ደግሞ የደም ሥሮችን ያላላል። ሦስቱ ሲደራረቡ ከመቀመጫዎ ሲነሡ ደሙ ወደ ራስ ለመድረስ ይዘገያል። መድኃኒቱን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ግፊትዎን ያስለኩ እንጂ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ከቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ሁለት ጊዜ። የላይኛው ቁጥር ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከ100 በታች ከሆነ፣ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ። የራስ ምታቱም ከዚሁ ከጨውና ከውኃው ጋር ይያያዛል። ስኳር የሌለው ቡና አይጥምም ብለው ቡናውንም አብረው ትተውት ከሆነ ምክንያቱ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ሦስት ኪሎው በአብዛኛው ስብ አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው የስኳር ክምችት ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ክምችቱ ሲያልቅ ውኃው አብሮ ይሄዳል። እንጀራ በበሉ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሚዛኑ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ኪሎ ወደ ላይ ቢመለስ የወፈሩ መስሎዎት አይደንግጡ። ለእርስዎ የሚበጀው ፍጥነት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ከ78 ኪሎ 4 ኪሎ ያህሉ በእርግጥ ሲቀነስ የደም ግፊትም የደም ስኳርም ለውጥ ያሳያሉ። ለዚያ ሁለት ወር ይበቃል።

የሆድ ድርቀቱ ምክንያት ከምግቡ ላይ ይታያል። አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ያስፈልገዋል። ባሕር ዳር ውስጥ ያንን የሚሸፍንልን ጤፉና ሽሮው ነው። ሁለቱን አውጥተው እንቁላልና ሥጋ ሲተኩ፣ ሰላጣውና ሙዙ ጉድለቱን አይሞላም።

አመጋገቡ የታሰበው ለሌላ ጓዳ ነው። መነሻው አሜሪካ ነው፤ እዚያ «እህል» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከነጭ ዱቄት የተጋገረ የታሸገ ዳቦ፣ ብስኩትና ስኳር የተነሰነሰበት የቁርስ እህል ነው። እነዚያ ለአንድ ወር ሲቀሩ የሚጠቀም ሰው መኖሩ አያስገርምም። የጤፍ ፍሬ ግን አነስተኛ በመሆኑ ሲፈጭ ከነገለፈቱ ነው የሚፈጨው። ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ ሲቦካ ደግሞ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። «ያልተነካካ ምግብ» የሚለው ስም ለማንም ከተገባ ለዚህ ይገባዋል። ጤፍ ውስጥ ግሉተን የለም፤ ግሉተን ያለው በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው ነው። በጥራጥሬ ላይ የሚነሣው «ሌክቲን» የተባለ ነገርም እውነት ቢሆንም ሙቀት ያጠፋዋል። የተቆላ፣ የተፈጨ፣ ከዚያም በድስት የተንተከተከ ሽሮ ላይ የሚያስፈራ ነገር አይቀርም። ጥንቃቄ የሚሻው ቦሎቄ ነው፤ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ መፍላት አለበት። ለብ ባለ ውኃ ላይ ከዋለ ያስመልሳል።

ስለ ጥራጥሬ ከተነሣ የጣና ዙሪያ ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት እውነተኛ አደጋዎች አሉ፤ ቴሌግራሙ ግን አንዳቸውንም አያነሣም። አንዱ ጓያ ነው። ፎገራና ደምቢያ ላይ በብዛት ይዘራል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ያሽመደምዳል፣ ሽባነቱም አይመለስም። አልፎ አልፎ በሽሮ ውስጥ ጥቂት መገኘቱ ይህን አያመጣም፤ ነገር ግን ሽሮ ሲያስፈጩ አተሩንና ሽንብራውን ራስዎ ለቅመው ቢያስፈጩ ይመረጣል። ሌላው ግብጦ ነው። ፕሮቲኑ ከአብዛኛው ጥራጥሬ የላቀ ነው፤ መራራው ግን መርዝ ነው። ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ ውኃው እየተቀየረ ለብዙ ቀናት ተዘፍዝፎ፣ ምሬቱ ፈጽሞ ሲለቅ ብቻ ይበላል። ምላስ ላይ ምሬት ከቀረ ይመለስና ይዘፍዘፍ።

እንግዲህ ከገበታዎ መውጣት ያለበት ምንድን ነው? አንደኛ ስኳር። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 50 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ይበጃል የሚለው በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ነው። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም ያልፋል። የጭማቂ ቤቱ ስፕሪስም ፍራፍሬ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ፣ ላዩ ላይ ስኳር ወይም ሲሮፕ ነው። ማንጎውን በእጅዎ ልጠው ይብሉት። ሁለተኛ የሚረጋው ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ምንም ዓይነት ዘይት ቢሆን። በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት ቢተኩት ለልብ ይሻላል፤ መጠኑ ግን አንድ ነው፦ ለአንድ ሰው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ወጡም ጥብሱም ተደምሮ።

ሦስተኛው የእንጀራው ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማው ውስጥ ከሚሸጠው እንጀራ ውስጥ ከፎገራ ሩዝ ጋር የተቀላቀለ ብዙ አለ። ሩዙ ሲፈተግ ገለፈቱን ያጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ስታርች ነው። የተቀላቀለው እንጀራ ይነጣል፣ ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደርቃል፤ አሰሩም ያነሰ ነው። እርስዎ «ከሰዓት በኋላ ድካም ይጥለኛል» ሲሉ ተጠያቂው ጤፉ ላይሆን ይችላል። ቤት የሚጋገር ከሆነ ሩዙን ትተው ከአራት እጅ ሦስቱን ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ፣ አንዱን ዳጉሳ ያድርጉ። ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው፤ ወተት የማይስማማው ሰው ከዚህ የተሻለ ምንጭ በቅርቡ አያገኝም። ዳጉሳው ከዚህ ከበዛ እንጀራው ይሰባበራል። መጠኑንም ይያዙ፦ ቁርስ ላይ ግማሽ፣ ምሳ አንድ፣ ማታ ግማሽ።

አራተኛ፣ ሮዝ ጨዉን ይተዉ። ቀለሙ ከብረት ርዝራዥ ነው፤ ጥቅም ለመስጠት አይበቃም፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። እንቅርት የቆየ ችግር በሆነበት ደጋና ወይና ደጋ አገር አዮዲን ያለው ጨው መተው ትልቅ ስሕተት ነው። በክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ያለው ጨምሮ። ግፊት ላለበት ሰው ከዚያም ማነስ አለበት።

አሁን ወደ ሆድ መነፋቱ። እህልን፣ ጥራጥሬን፣ ወተትንና ስኳርን በአንድ ቀን አውጥቶ «ሻለኝ» የሚል ሰው የትኛው እንዳሻለው አያውቅም። ሁሉንም ሲመልስ የትኛው እንደጎዳውም አያውቅም። ምግብ አውጥቶ መፈተን ራሱን የቻለ ሙያ ያለው ነገር ነው፤ አንድ በአንድ ይሠራል። ለእርስዎ በወተት ይጀመር፤ ምክንያቱም ከአገራችን አዋቂዎች ብዙዎቹ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ያንሳቸዋል። ለ14 ቀን ወተትና ማኪያቶ ይቅር፤ ሌላው ምግብ እንዳለ ይቆይ። በየቀኑ የበሉትን፣ የነፋዎትን ሰዓት፣ የሰገራውን ሁኔታ በደብተር ይጻፉ። በ15ኛው ቀን ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የፈላ ወተት ይጠጡና እስከ ማታ ይከታተሉ። ከነፋዎት ሦስት ቀን አሳርፈው እርጎን ለብቻ፣ ከዚያ አይብን ለብቻ ይሞክሩ። እርጎ ውስጥ የወተቱን ስኳር ባክቴሪያዎቹ ከፊሉን በልተውታል፤ አይብ ላይ ደግሞ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ፈሷል። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ሰው ብዙ ጊዜ አይብ ይስማማዋል። ወተቱ የፈላ ይሁን ያልሁት በምክንያት ነው፤ ጥሬ ወተት ብሩሴላ የተባለ ባክቴሪያና የሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል።

ወተቱ ነጻ ከወጣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እርስዎ ባሉበት የ30 ቀን አመጋገብ ግን ሁለቱም ይፈቀዳሉ። ለአንድ ድስት ወጥ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ሽንኩርት የምናቁላላ ሰዎች ነን። በውስጡ ያለው ፍሩክታን የተባለ ነገር ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጭ ያልፍና ትልቁ አንጀት ውስጥ ጋዝ ይሆናል። ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፤ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሽንኩርቱን በትልልቁ ቆርጠው በዘይት ብቻ ይጥበሱት፣ ቡናማ ሲሆን አውጥተው ይጣሉት፣ በዘይቱ ወጡን ይሥሩ። ጣዕሙ ይቀራል፣ ጋዙ ይሄዳል። ውኃ ከገባ በኋላ ማውጣት ግን ዋጋ የለውም። ጥራጥሬ ከሆነ የሚጠረጠረው፣ ከክክ ይልቅ ምስር ይቀላል፤ አዳሩን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል።

ስንዴን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሴሊያክ የተባለው የስንዴ ሕመም ይጠረጠራል ከተባለ የደም ምርመራው ስንዴ እየበሉ ነው የሚደረገው። ስንዴ ካቆሙ በኋላ ቢመረመሩ በሽታው እያለም «የለብዎትም» ሊል ይችላል። አቁመው ከሆነ ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ዳቦ በልተው ነው የሚመረመሩት።

ኦሜፕራዞል ተሰጥቶኛል ብለዋል፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ተመርምረው እንደሆነ አልጻፉም። ይህ ባክቴሪያ ካለ የሚያጠፋው በሐኪም የታዘዘ የፀረ ባክቴሪያ ሕክምና ነው እንጂ አመጋገብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን ይወሰዳል። የሰገራ ምርመራውን ይምረጡ፤ የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ድሮ የዳነንም «አለ» ይላል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ለአራት ሳምንት መቆም አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ ያሳስታል። ድካሙንም ምግብ ላይ ከመለጠፍዎ በፊት የደም ብዛት፣ በባዶ ሆድ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና ሰገራ ይታይልዎ። ደም ማነስና የአንጀት ትላትል ይህን ዓይነት ድካም ያመጣሉ፤ ሁለቱም በ30 ቀን ምግብ አይድኑም። ሳይፈልጉ ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ደጋግሞ ማስመለስ ወይም ምግብ ሲዋጥ መያዝ ካለ ደግሞ ምርመራው በኢንዶስኮፒ ነው፤ አይቆይም።

ጾሙ ነገሩን ጨርሶ ይለውጠዋል። ጾም ሥጋን፣ እንቁላልንና ወተትን ያወጣል፤ የ30 ቀኑ አመጋገብ እህልንና ጥራጥሬን ያወጣል። ሁለቱን ያደራረበ ሰው ድንች፣ ጎመንና አቮካዶ ይቀረዋል። ኦቾሎኒ እንኳ ጥራጥሬ ነው ተብሎ ታግዷል። በዚያ ላይ ፕሮቲን ከየትም አይመጣም፤ የሚጠፋው ጡንቻ ነው። በኪሎ 0.8 ግራም ቢሰላ እርስዎ በቀን 60 ግራም ያህል ያስፈልግዎታል። በጾም ይህ የሚሞላው እንዲህ ነው፦ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት 25 ግራም ገደማ፣ 120 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ሽሮ 27 ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 8 ግራም። ኦቾሎኒው የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም የመረረ ከሆነ ከነፍሬው ይጣል፤ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመቁላት አይጠፋም። ሻይና ቡናን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቀው፣ ወጡ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ ቢጨምሩ የጥራጥሬው ብረት በተሻለ ይገባል። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ በፍስክ ቀን እንቁላሉን ወይም ዓሣውን አይዝለሉት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተወዋለሁ።

ጣና ዳር ሆኖ ዓሣ አለመብላት ግን ያስቆጫል። 100 ግራም የበሰለ ቆሮሶ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይብሉ። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲፈላ የዋለ ጥቁር ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ጥቅሙን ያጣል፤ ጉላሽ ወይም ወጥ ይዘዙ። ጥሬውን አይብሉ። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል እንጂ አያበስለውም፣ ጥገኛ ትሉንም አይገድልም። ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በሹካ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው። ሰላጣም እንዲሁ፤ አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ የወስፋትን እንቁላል አያጠፋም። በተለይ በክረምት ከጥሬ ሰላጣ ይልቅ የበሰለ ጎመን ይምረጡ። በቤት ውስጥ ለልብ ቫልቭ ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ደግሞ ጎመኑ በድንገት አይብዛም አይነስም፤ በቫይታሚን ኬ ምክንያት የመድኃኒቱን ኃይል ይለውጣል። አቮካዶ፣ ሙዝና ድንች ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ኢናላፕሪል ፖታሲየም ያስቀራል፤ ክሪያቲኒንዎ ደህና ከሆነ ግማሽ አቮካዶ በቀን አይጎዳም፣ ኩላሊት ላይ ችግር ከታየ ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስናል። ኢናላፕሪል በእርግዝና አይወሰድም፤ ልጅ እያሰቡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ።

እናትዎ። የሚወጉት የኢንሱሊን መጠን የተሠራው ከሚበሉት እንጀራ ጋር ተመዛዝኖ ነው። እንጀራው ቀርቶ መርፌው እንዳለ ከቀጠለ ስኳራቸው በሌሊት ሊወርድ ይችላል፤ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ክኒን የሚወስዱም ከሆነ አደጋው ይብሳል። ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኃብ፣ ግራ መጋባት ነው። ንቃተ ኅሊናቸው ሳይጠፋ ስኳራቸው ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ያጠጧቸው፤ ስኳር አልባው ለስላሳ አይሠራም። በ15 ደቂቃ እንደገና ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት፣ ከተነሣ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይጨመር፤ ሆስፒታል ይወሰዱ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ከወሰዱና ጿሚ ከሆኑ የቢ12 ምርመራ ይጠይቁላቸው፤ መድኃኒቱ ቢ12ን ይቀንሳል፤ ያ ሲጎድል የሚመጣው የእግር መደንዘዝ ከስኳሩ ጋር ይምታታል። የእንጀራቸውን መጠን መቀነስ ይቻላል፤ የሚቀነሰው ግን ለሳምንት ያህል ጠዋት፣ ከምሳ በፊትና ማታ የተለካ የስኳር መዝገብ ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ቀርበው፣ መርፌው በዚያው ቀን አብሮ ሲስተካከል ነው።